ያልደረቁት ቱታዎች

ሚያዝያ 4፣ ሐሙስ

ወንድሜ፣

እማዬ «እንደምን ሰነበተ በይልኝ» ብላለች። እንግዲህ በእሷ ስም፣ እንደምን ሰነበትክ? በእኔ ስም ገና ነው። የእኔን ሰላምታ በር ላይ አቁሜዋለሁ፤ ነገራችን ሲያልቅ ይገባል።

«ደብዳቤ እጽፍልሃለሁ» ብዬ ብልክብህ «ስልክ እያለ ምን ደብዳቤ ያስጽፋል?» ብለህ በቆሻሻው ልብስ መሃል የላክኸው ብጣሽ ወረቀት ደርሶኛል። ስልክማ አለ። ስደውል ታነሳና «ስብሰባ ላይ ነኝ» ትላለህ። ቦይ ጠራጊ የምን ስብሰባ አለው? ከቦዩ ጋር ነው የምትሰበሰበው? ስጮህብህ ደግሞ ጆሮዬ ላይ ትዘጋዋለህ። ደብዳቤ አይዘጋም። ብትቀደው እንኳ አንብበህ ነው የምትቀደው፣ አውቅሃለሁ። ሹፌራችሁ ጡሩምባ ሰኞና ሐሙስ የሠራተኛውን ቆሻሻ ልብስ ከተራራው አውርዶልኝ ንጹሁን ይዞ ይወጣል። ከዛሬ ጀምሮ ከንጹሁ ጋር ቁጣዬንም ይዞ ይወጣል፤ ለእሱ ጭነት አይከብደውም።

ወደ ነገሬ ልግባ። ወንዙ የት ሄደ?

የት እንደሄደ አጥቼው አይደለም፤ ከአንተ አፍ ልስማው ብዬ ነው። ትናንት ከማጠቢያ ቤቱ ጀርባ ወርጄ አየሁት። የውሃ መሳቢያው ሞተር አየር እየጠጣ ያጓራል። የታች ሰፈር ሴቶች ጄሪካን ደርድረው በኩባያ ይቀዳሉ። በኩባያ! እኔን ሲያዩ ጨዋታቸውን አቆሙ። የማዕድኑን ልብስ የማጥበው እኔ፣ የማዕድኑን ውሃ የሚጠብቀው ወንድሜ፤ ምን ይበሉኝ? አንዷ ብቻ «ወንድምሽ ደህና ነው?» አለችኝ። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ሥራውን ያገኘህ ቀን ትዝ ይልሃል? ያን ግራጫ ኮት ገዝቼልህ፣ ኮቱን እንደለበስክ የመተኮሻ ጠረጴዛዬ ላይ ውሃ አፍስሰህ በጣትህ እየሳልክ አስረዳኸኝ። «እትዬ፣ ሁለት ቦይ አለ። አንደኛው ተራራው ላይ የዘነበውንና የመነጨውን ንጹህ ውሃ ማዕድኑን ሳይነካ ዙሪያውን አዙሮ ወንዙ ውስጥ ይጨምረዋል። ሁለተኛው ማዕድኑ ውስጥ የዘነበውን፣ ድንጋዩን የነካውን ቆሻሻ ውሃ ሰብስቦ ኩሬ ውስጥ ያስቀረዋል። የእኔ ሥራ ሁለቱ እንዳይገናኙ መጠበቅ ነው» አልከኝ። እኔም ደረቴን ነፋሁ። እማዬማ ሥዕልህ ሳይደርቅ ጠረጴዛውን አላስወለውልም ብላ እላዩ ላይ ቆማ ነበር።

አሁን የምሰማው ንጹሁን ቦይ ዘግታችሁ ውሃውን ወደራሳችሁ ኩሬ መልሳችሁታል ነው። እውነት ነው? የቦዩን መዝጊያ ሳንቃ ያወረደው ማን ነው? «ድርጅቱ» እንዳትለኝ። ድርጅት እጅ የለውም። የማን እጅ ነው?

እህትህ


ሚያዝያ 8፣ ሰኞ

ለእትዬ፣

በመጀመሪያ እማዬን ጉንጯን ሳሚልኝ። አንቺንም ሰላም ብያለሁ፤ በር ላይ የቆመው ሰላምታሽ ብርድ እንዳይመታው የእኔን አጠገቡ ላቁምለት።

የእኔ እጅ ነው። ጠየቅሽኝ፣ መለስኩ። አሁን ደግሞ ጥቂት ታገሺኝና ስሚኝ።

እዚህ ውሃ አልቋል። ቦቴው አቧራ እንዳይነሳ ቀኑን ሙሉ መንገድ ያጠጣል፣ ድንጋይ ማጠቢያው ደግሞ ቀንም ሌሊትም ይጠጣል። ኩሬው ተጋምሶ ግድግዳው ላይ ያለው የጭቃ ምልክት ሁሉ ወጥቷል። ኢንጂነሩ «የውሃ ቁጠባ» የሚባል ነገር ጀመረ፣ በሩ ላይም «እያንዳንዷ ጠብታ ዋጋ አላት» የሚል ትልቅ ሰሌዳ ሰቀለ። ቁጠባው ምን መሰለሽ? የእናንተን ጠብታ እኛ ጋ ማስቀመጥ። «ለጊዜው ነው፣ ዝጋው» አለኝ። ዘጋሁት። «አልዘጋም» ብል የሚዘጋው ሌላ ሰው እንደማይጠፋ አንቺም ታውቂያለሽ።

«እንግዲያው ዛሬውኑ ክፈተው» ብለሽ በጡሩምባ አፍ ላክሽብኝ። እትዬ፣ አሁን ብከፍተው ታለቅሺያለሽ። ቦዩ ደርቆ ሲያዩት የገልባጭ ሹፌሮች አቋራጭ አደረጉት። መሻገሪያ ብለው መሃሉ ላይ ቢጫውን ድንጋይ ደፉበት፤ አሁን በርዝመቱ ሁሉ እያንጠባጠቡ ይነዱበታል። ያ ድንጋይ ደረቅ ሲሆን እንደማንኛውም ድንጋይ ነው። ውሃ ሲነካው ግን ይኮመጥጣል፣ ዝገት ይተፋል። ዛሬ ሳንቃውን ባነሳ ወንዝሽ ይመጣል፣ ቀይ ሆኖ።

ስለዚህ መጀመሪያ መጥረግ አለብን። የውሃው ሠራተኞች አራት ነን፤ እኔ፣ ሽማግሌው፣ ባለፈው ወር ያገባው ሙሽራው፣ እና ከተናገረ ስንት ጊዜው የሆነው፣ «ዝምታ» የምንለው። ሥራው በአካፋና በጋሪ ነው፣ ማሽን አይገባበትም። አንድ ነገር ደግሞ ልንገርሽ፣ ከሌላ ሰው ከምትሰሚው። ትልቅ ዝናብ ከመጣ ምርጫ የለንም። ኩሬው ሞልቶ ግድቡ ተደርምሶ እንዳይሄድ ንጹሁ ቦይ ይከፈታል፤ ተጠረገም አልተጠረገም። ስለዚህ ከዝናቡ በፊት እንጠርገዋለን። ቃሌ ነው።

ወንድምሽ


ሚያዝያ 11፣ ሐሙስ

ወንድሜ፣

እማዬ ሰላም ብላለች። «ክሳ ወይ?» ብላ እንድጠይቅህ ነገረችኝ። ጠይቄሃለሁ።

«ለጊዜው ነው!» የዚህ አገር ክፉ ነገር ሁሉ ለጊዜው አይደል የተጀመረው? አንተም ብለህ ብለህ የሰው ወንዝ የገልባጭ መንገድ ሲሆን ቆመህ አየህ። ኢንጂነሩስ እሺ፣ እንጀራው ነው፣ ወንዙንም በዓይኑ አይቶት አያውቅም። አንተ ግን እዚህ ውሃ ውስጥ ነው መዋኘት የተማርከው። ሱሪህን ወንዝ ወስዶት ራቁትህን ቤት የገባህ ቀን ሰፈሩ ሁሉ ስቆብህ ነበር። ያን ያህል ውሃ ነበረው ማለቴ ነው።

ቢጫውን ድንጋይ ለእኔ አታስረዳኝ። አምና ሙሽራው፣ ያኔ ገና ሳያገባ፣ እላዩ ላይ ወድቆ የመጣልኝ ሱሪ አለ። ጉልበቱ ላይ ቢጫ ሆኖ በዱቄት ሳሙናም፣ በበረኪናም፣ በእርግማንም አልለቅ አለኝ። በሦስተኛው እጥበት ጨርቁ እጄ ላይ ፈረሰ። ያ ነገር ነው የታች ሰፈር ጄሪካን ውስጥ ሊገባ የተዘጋጀው። ያ ነገር ነው የክሊኒኩን አንሶላ የማጥብበት። ቁስለኛ የሚተኛበት አንሶላ ነው፣ ገብቶሃል? ወንዙ ከተበላሸ ይህ ቤት ተዘጋ፤ እኔና እማዬ በምን እንደምንኖር ደግሞ ለኢንጂነሩ ሰሌዳ ንገረው።

ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው ይላሉ። እኔ አልሳቅሁም። ቃል አያስፈልገኝም፤ የምትጨርሱበትን ቀን ንገረኝ።

እህትህ


ሚያዝያ 22፣ ሰኞ

ለእትዬ፣

ሁለት ደብዳቤሽን ሳልመልስ መክረሜ ከሥራ ብዛት ነው፣ አትቀየሚኝ። ቀን ንገረኝ አልሽ፤ ቀኑ አልፏል። ቦዩ ተጠርጓል። ከላይ እስከ ታች፣ መሻገሪያውም ጭምር። ወገቤ ለሁለት ሊሰበር ነው፣ ሽማግሌውማ ተኝቶ ነው የሚበላው።

ሳንቃውን በዚህ ሳምንት እናነሳለን። ለሴቶቹ ንገሪያቸው። እማዬን አልከሳሁም በያት።

ቱታዎቹን ቶሎ ላኪልን፤ በጣም ቆሽሸዋል፣ ሥራው እንደዚያ ነበር።

ወንድምሽ


ሚያዝያ 25፣ ሐሙስ

አንተ ጩጬ፣

በእማዬም ስም ሰላም አልልህም ዛሬ። እሷ ተኝታለች፤ ነገሩን ሳልነግራት አስተኛኋት።

ጆንያውን ራሴ ፈታሁት። የአራታችሁንም ቱታ አንድ በአንድ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁ። ጉልበቱን አየሁ፣ ክርኑን አየሁ፣ ኪሱን ገልብጬ አየሁ። ቢጫ ፈለግሁ። ቦይ ሙሉ ቢጫ ድንጋይ በአካፋ የዛቀ ሰው፣ ቢያንስ አንድ ጣት የምታህል ቢጫ አይነካውም? አንዲት! የለም። የመንገድ አቧራ አለ። ላብ አለ። ከዚያ ደግሞ ምን አለ መሰለህ? ነጭ ጠብታ። በእጅጌው፣ በደረቱ፣ በእግሩ ጫፍ ላይ ሁሉ ነጭ ጠብታ። አሸተትኩት። ኖራ ነው።

ጡሩምባን ያዝኩት። አንገቱን ነው ያልኩህ፣ ቀልድ የለም። «ምንድን ነው የሚቀባው?» አልኩት። መጀመሪያ «እኔ ሹፌር ነኝ» አለ። ቀጥሎ ሁሉንም ተናገረ። ከበሩ እስከ ኩሬው ድረስ የመንገዱን ዳር ድንጋይ ኖራ ስትቀቡ ነው የከረማችሁት። ጎብኚ ሊመጣ ስለሆነ! ስለ ውሃ አያያዛችሁ ሊሸልማችሁ የሚመጣ ጎብኚ! ወገብህ የተሰበረው ድንጋይ ስትኳኩል ነው። ድንጋዩን ሙሽራ አደረጋችሁት፣ ቦዩን ሬሳ እንደሆነ ተዋችሁት።

እኔን ደግሞ «ለሴቶቹ ንገሪያቸው» አልከኝ። ነገርኳቸው! ሰኞ ማታ ጄሪካናቸውን ይዘው በተሰለፉበት «ወንድሜ ጠርጎታል» አልኳቸው፣ እጄን ወገቤ ላይ አድርጌ። አሁን በየትኛው ፊቴ ልውረድ? ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይሉ የለ፣ የእናቴን ልጅ አልጠረጠርኩም።

ሳንቃውን እንዳታነሳ። ትሰማኛለህ? ሦስት ሳምንት ሙሉ «ክፈት» ያልኩህ እኔው ነኝ፣ አሁን ደግሞ እኔው ነኝ እንዳትከፍት የምልህ። መጀመሪያ ጥረግ።

የሌላውን ሠራተኛ ልብስ ልኬአለሁ። የእናንተ የአራታችሁ ቱታ አልደረቀም።

እህትህ


ሚያዝያ 29፣ ሰኞ

እትዬ፣

ዋሸሁሽ። እውነት ነው። ቁጣሽን ፈርቼ ነው። ከኢንጂነሩ ይልቅ አንቺን እፈራለሁ፤ እሱ ከሥራ ነው የሚያባርረኝ፣ አንቺ ግን ከቤት ነው።

ኖራው ትእዛዝ ነበር። «ጎብኚዎቹ ከሄዱ በኋላ ቦዩን ትጠርጋላችሁ፣ እስከዚያ አይዘንብም» አለኝ ኢንጂነሩ። ሰማዩን የቀጠረው ይመስል። እኔም አንድ ሁለት ቀን ቢዘገይ ብዬ ጻፍኩልሽ፤ ደብዳቤው ደርሶ አንቺ እስክትጮሂ ሥራው ያልቃል ብዬ። ሰው የራሱ እህት ቱታ እያሸተተች ትይዘኛለች ብሎ አያስብም። እኔም ተናድጃለሁ እንግዲህ! ሰላይ ነሽ ወይስ አጣቢ? ከልጅነቴ ጀምሮ ኪሴን እንደፈተሽሽ ነው፤ ስንት ዓመቴ ሲሞላ ነው የምትተዪው?

ሳንቃውን አላነሳሁም፣ አላነሳምም። ኢንጂነሩን ዛሬ ጠዋት በኖራ እጄ እጁን ይዤ «ቦዩን ካላየህ አልለቅህም» ብዬ ወስጄው አሳየሁት። ተቆጣ፣ ሸሚዙን አራገፈ፣ ቆይቶ ግን «እሺ፣ ሐሙስ ጀምሩ» አለ። ተሰማምቷል እትዬ! አራት ጋሪ አስወጣሁ፣ አካፋ አስሳልኩ።

የቀሩትን ቱታዎችም ዛሬ ልኬአለሁ፣ ሁለት ሁለት ቅያሪ ነው ያለን። ሐሙስ ስምንቱም እንዲደርሱልን።

ወንድምሽ


ግንቦት 2፣ ሐሙስ

እማዬ ሰላም ብላለች።

ቱታዎቹ አልደረቁም።


ግንቦት 6፣ ሰኞ

አልደረቁም?

በዚህ ፀሐይ? አናት በሚበሳ ፀሐይ ቱታ ሳምንት ሙሉ አይደርቅም? ልጅ ሆኜ አንቺ ያሰጣሽው ሸሚዝ ዳቦ ገዝቼ እስክመለስ እየደረቀ ታለብሺኝ ነበር! ለቀባሪው አረዱት ማለት ይኸው ነው፤ ገመድሽ ሥር ላደግሁት ለእኔ ነው ይህን የምትጽፊው? እኔ ስዋሽ ያዝሽኝ። ደግ አደረግሽ። አሁን ደግሞ እኔ ያዝኩሽ።

ሐሙስ ጠዋት አራታችን ጋሪ ይዘን ቦዩ አፍ ላይ ቆመናል። የደህንነት ኃላፊው፣ ሴፍቲ የምንለው ሰውዬ፣ ደረሰ። «ቱታችሁ የታለ?» አለ። «ልብስ ማጠቢያ ነው።» «ያለ ቱታ እዚያ ድንጋይ ውስጥ ሰው አይገባም፣ ደንብ ነው።» «ሌላ ስጠን።» «ከመጋዘን ለማውጣት የኢንጂነሩ ፊርማ ያስፈልጋል፣ ኢንጂነሩ ጎብኚዎቹን ሊቀበል ከተማ ሄዷል።» ድንጋዩን ገልባጭ ሲደፋው አንድም ደንብ አልነበረም፤ እኛ ልናነሳው ስንል ደንቡ ከየጉድጓዱ ወጣ። ሽማግሌው ካፖርቱን አንጥፎ ጋሪው ላይ ተኛ። አርብ፣ ቅዳሜ፣ እሁድ እንዲሁ ቁጭ እንዳልን አለፉ። እንዲህ እያልኩ እማርርልሻለሁ እንጂ፣ ሴፍቲውን ያስታጠቅሽው አንቺ ነሽ። ድርጅቱ ቦዩን በሳንቃ ዘጋው፣ አንቺ ደግሞ በቱታ ዘጋሽው!

ለምን እንደያዝሽው አልገባኝም። ቢገባኝም አሁን አይጠቅመኝም። ተራራው ጫፍ ላይ ደመና አለ፤ ትናንትም ነበር፣ ዛሬ ግን ጠቁሯል። ቱታዎቹን ላኪ። እርጥብም ከሆኑ ላኪ።


ግንቦት 7፣ ማክሰኞ

ወንድሜ፣

ጡሩምባ ትናንት ደብዳቤህን ጥሎ ወዲያው ተመልሶ ነበር፣ እስከ ሐሙስ አልጠብቀውም። የጎረቤቴን ልጅ በሞተር ብስክሌት ልኬዋለሁ። ስምንቱም ቱታ ታስሮ ከኋላው ነው፤ ታጥቦ፣ ደርቆ፣ ተተኩሶ። የተተኮሰው ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ ነው። ቁም ሳጥን ውስጥ ቆልፌበት ነበር።

ለምን እንደያዝኩት ልንገርህ። ጎብኚዎቹ ፊት ያለ ቱታ እንድትቆሙ ፈልጌ ነበር። ሰሌዳው አዲስ፣ ድንጋዩ ነጭ፣ የውሃ ሠራተኞቹ ግን በየራሳቸው የተቀደደ ሹራብ። ጎብኚው «እነዚህ ምን ሆነው ነው?» ብሎ ይጠይቅ፣ ኢንጂነሩም ይፈር ብዬ ነው። ጥሩ አሳብ መስሎኝ ነበር፤ ሌሊት እየነቃሁ ሁሉ እስቅ ነበር። ሴፍቲ የሚባል ፍጥረት ያለ መሆኑን ማን ነገረኝ?

ይቅርታ አልልህም። ቆይ፣ እላለሁ፣ ግን አሁን አይደለም፤ አሁን ይቅርታ ብል አንተ «አይ ምንም አይደል» ትልና ነገሩ ይቀዘቅዛል። እንዲቀዘቅዝ አልፈልግም። ውሃችንን እየቀሙ፣ ድንጋይ እያስቀቡ፣ እኛን እህትና ወንድም እንድንዋሻሽ ያደረጉንን ሰዎች እንድትረሳቸው አልፈልግም። እኔም የእናቴ ልጅ ነኝ፣ አንተም የእናቴ ልጅ ነህ፤ ሁለታችንም አንድ ዓይነት ደንቆሮዎች መሆናችን ታየ። እማዬን ብጠይቃት በአባታችን ታሳብባለች።

እዚህም ንፋሱ ዝናብ ዝናብ ይሸታል። የሞተሩን ልጅ በር ላይ ቆመህ ተቀበለው። ፍጠን።

እህትህ


ግንቦት 13፣ ሰኞ

ለእትዬ፣

የምጽፈው እኔ ሳልሆን ዝምታ ነው፣ እኔ እነግረዋለሁ። እጄ ትንሽ ስለተላጠ ነው፣ አታስቢ።

ሐሙስ ለት የላክሽብኝን ጥያቄ ጡሩምባ ነግሮኛል። የሞተሩን ልጅ በር ላይ አላገኘሁትም፤ እንድወጣ አልፈቀዱልኝም። ጥበቃው «ዛሬ ጎብኚ አለ፣ ያልታዘዘ ዕቃ አይገባም» ብሎ እሽጉን በሩ ሥር አስቀምጦታል። እስካሁን እዚያው ነው። ንጹህ ነው፣ ማንም አልነካውም።

ምን እንደተደረገ ደግሞ ጠይቀሻል። እሱን ጆንያው ይነግርሻል፣ ፍቺው። አንቺ ከወረቀት ይልቅ ከልብስ ነው የምታነቢው።

የቦዩ የላይኛው ጫፍ ቀርቶብናል፤ ማክሰኞ ሌሊት ዝናቡ ቀደመን። ሳንቃውን ማን እንዳነሳው ብትጠይቂ መልሴ እንደበፊቱ ነው። ባላነሳው ግድቡ ይሄድ ነበር። የመጀመሪያው ውሃ ቀልቶ ከመጣ ስለዚያ ይቅርታ፤ ከዚያ በኋላ ያለው ግን ደህና መሆን አለበት።

ሌላ አዲስ ነገር የለም። ከሥራ አግደውኛል፤ «ሠራተኛ ያለ ቱታ አደገኛ ቦታ አስገብቷል» ነው ክሱ። ሦስቱን አልነኳቸውም፣ ሁሉንም በራሴ ላይ አድርጌዋለሁ። ጎብኚዎቹ ድንጋዩን አደነቁ አሉ። ሐሙስ ከጡሩምባ ጋር ልወርድ እችላለሁ፣ እቤት የምታስገቢኝ ከሆነ።

ስለ ኮቱ ይቅርታ። ሌላ ወፍራም ነገር አልነበረኝም።

ወንድምሽ

ይህን ደግሞ እኔ ዝምታ ነኝ በራሴ የጨመርኩት። እጁ ትንሽ አይደለም። ሁለቱም እጁ ነው። እሱ እንዳልነግርሽ አስምሎኛል፣ እኔ ግን አልተናገርኩም፣ ጻፍኩ።


ግንቦት 16፣ ሐሙስ፣ ጠዋት

ወንድሜ፣

ይህን ለጡሩምባ ጠዋት የምሰጠው አንተ መኪናው ላይ ሳትወጣ እንዲደርስህ ነው። ሳታነበው እንዳትወጣ።

መጀመሪያ ውሃው። ባለፈው ሳምንት ረቡዕ ጎህ ሲቀድ ቀይ ሆኖ መጣ። ሞተሩን ሳላጠፋ የክሊኒኩ አንሶላ ገንዳ ውስጥ ነበርና ሁሉም አለቀ፤ የሻይ ቆሻሻ መሰለ። ሴቶቹ ዳር ቆመው አዩት፣ አንዲትም ጄሪካን አልነከረች። ገንዳዬ ላይ ተቀምጬ አንተን፣ ኢንጂነሩን፣ ሰሌዳውን፣ ራሴን በየተራ ሰደብኩ። ፀሐይ አናት ላይ ስትደርስ ቡናማ ሆነ። በማግስቱ የወንዙ ድንጋይ ከሥር ታየ። ወንዙ አለ። ጉልበቴ ድረስ ነው፣ ሱሪ አይወስድም ገና፣ ግን አለ። ያቺ «ወንድምሽ ደህና ነው?» ያለችኝ ሴት ትናንት እንደገና ጠየቀችኝ። በዚህኛው ጊዜ መልስ ፈልጋ ነው የጠየቀችኝ።

ቀጥሎ ጆንያው። ፈታሁት። የሙሽራው የሰርግ ሱሪ፣ እስከ ወገቡ ቢጫ። የሽማግሌው ካፖርት፣ የዝምታ ሹራብ፣ ክንዱ ተበልቶ አልቋል። ከሥር ግራጫው ኮት። ሁለቱም እጅጌው እስከ ክርን የለም። እማዬ አጠገቤ ነበረች፤ ልደብቅባት አልቻልኩም። ኮቱን ወስዳ አቅፋ ተቀመጠች፣ እስካሁን አልሰጥም ብላለች። ቀሚሷንም ቢጫ አደረገችው። ተናድጃለሁ እልሃለሁ እንጂ ያን ቀን ያለቀስኩትን አልጽፍም።

አላጠብኳቸውም። የማይለቅ ነገር ማጠብ ውሃ ማባከን ነው፣ ሰሌዳችሁም አይወድም። እንዳሉ በመንገዱ ዳር ገመድ ላይ ሰቀልኳቸው፣ የማዕድኑ መኪና ሁሉ በሚያልፍበት። ሱሪው፣ ካፖርቱ፣ ሹራቡ። ትናንት ነጭ መኪና ቆመ። ኢንጂነሩ ነው፣ ጎብኚዎቹን እየሸኘ። አንዲት ጎብኚ ወርዳ ልብሶቹን ዳሰሰችና «ለምን አልታጠቡም?» አለችኝ።

«ታጥበዋል» አልኳት። «በእነሱ ውሃ ነው የታጠቡት።»

ኢንጂነሩ ከመኪናው ሳይወርድ «እነዚህ የድርጅቱ ልብሶች አይደሉም» አለ።

«አይደሉም» አልኩት። «የድርጅቱ ልብስ እኮ ንጹህ ነው። በርህ ሥር አለልህ፣ ተተኩሶ።»

ጎብኚዋ እጇን አየች። ጣቷ ቢጫ ሆኗል። ለሴትዮዋ ውሃ አቀረብኩላት፣ ከወንዙ፣ በዚያው ጠዋት የቀዳሁትን። ታጠበች። ከዚያ «ቦዩን ማየት እንችላለን?» አለችው፣ መኪናውም ዞሮ ወደ ላይ ተመለሰ። ምን እንዳየች አላውቅም፣ ሥራህን ይመልሱልህ እንደሆነም አላውቅም። ባይመልሱ ደግሞ ገደል ይግቡ፤ እኔ ጋ የውሃ ሞተሩን የሚጠብቅ ሰው ያስፈልገኛል። እጅህ እስኪድን ቁጭ ብለህ ትሳደብልኛለህ፣ እሱ አይከብድህም።

በል ና። «እቤት የምታስገቢኝ ከሆነ» ያልከውን ስትመጣ እጨቀጭቅሃለሁ። እጅህን በንጹህ ጨርቅ ጠቅልለህ ና፣ ምንም አትያዝ፣ ጆንያህን ጡሩምባ ይሸከምልህ።

እማዬ ሰላም ብላለች።

እኔም። እንደምን ሰነበትክ?

እህትህ